ሳንት ኤሚልዮን

ሳንት ኤሚልዮን (ትርጉሙ «ቅዱስ ኤሚልዮን») በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በዢሮንድ ክፍለ አገር፣ ከቦርዶ ከተማ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የነዋሪዎቿ ቁጥር 2,000 አይሞላም። ዙሪያዋ በሙሉ የወይን እርሻ ነው። በሁለት ነገሮች ትታወቃለች፦ በቀይ ወይን ጠጇ እና ከአንድ ወጥ ዐለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኗ። ከተማዋና አጎራባች መንደሮቿ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግበዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳንት ኤሚልዮን ከላይና ከታች ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ከመሬት በላይ ያለችው ጠባብ መንገዶች፣ የድንጋይ ቤቶችና የወይን ጠጅ ሱቆች ያሏት ስትሆን በግማሽ ቀን በእግር ተዞራ ታልቃለች። ከመሬት በታች ያለችው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን፣ የመናኝ ዋሻ፣ የመቃብር ዋሻዎች፣ የድሮ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶችና የወይን ጠጅ ማከማቻዎች ናቸው። ወደዚህችኛዋ ከተማ ያለ አስጎብኚ ወይም ያለ ቀጠሮ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ሳይዘጋጅ የሄደ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የላይኛዋን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

አቀማመጥ

ከተማዋ የተሠራችው ከዶርዶኝ ወንዝ በስተ ሰሜን፣ የኖራ ድንጋይ በሆነ አምባ ጫፍና ከአምባው በሚወርድ ገደላማ ሸለቆ ላይ ነው። ቅርቧ ያለው ትልቅ ከተማ ሊቡርን ሲሆን ርቀቱ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላይኛው ሰፈር ወደ ታችኛው የሚወርዱት ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው ቁልቁለቶች «ቴርትር» ይባላሉ። አንዳንዶቹ እጅግ ቀጥ ያሉ በመሆናቸው መሐላቸው ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት ተተክሏል።

የአምባው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ደለል ነው። ሲቆረጥ ለስላሳ ነው፤ አየር ሲያገኝ ግን ይጠነክራል። ቀለሙ ወደ ወርቅማ ቢጫ የሚያደላ ነው። የከተማዋ ታሪክ በሙሉ በዚህ ድንጋይ ላይ የቆመ ነው። መናኙ ዋሻ ያገኘው፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያን የፈለፈሉት፣ ግንበኞች ቤት የሠሩት፣ ባለ ወይኖችም በርሜላቸውን ያስቀመጡት በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። በቦርዶ ከተማ ከሚታዩት ያማሩ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚሁ አካባቢ ከተቆረጠ ተመሳሳይ ድንጋይ ነው። ለዘመናት ድንጋይ ሲወጣ የቀሩት የመሬት ውስጥ መተላለፊያዎች በአካባቢው ተደምረው 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚረዝሙ ይነገራል።

ታሪክ

መናኙ ኤሚልዮን

በዚህ አገር ወይን መተከል የጀመረው በሮማውያን ዘመን ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቦርዶ ተወላጅ የላቲን ባለ ቅኔ አውሶኒዩስ በአካባቢው የወይን እርሻ ነበረው ይባላል። ሻቶ ኦዞን የተባለው ዝነኛ የወይን እርሻ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። «ሻቶ» በፈረንሳይኛ ግንብ ወይም ቤተ መንግሥት ማለት ሲሆን፣ በቦርዶ አካባቢ ግን ማንኛውም የወይን እርሻ ከነመጥመቂያው በዚህ ስም ይጠራል። ግንብ የሌለው ሻቶም ብዙ ነው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከብሪታኒ አገር፣ ከቫን ከተማ ከመጣ ኤሚልዮን ከተባለ መናኝ ነው። እንደ ትውፊቱ ኤሚልዮን በቫን መስፍን ቤት ሲያገለግል በድብቅ ዳቦ እያወጣ ለድኾች ይሰጥ ነበር። አንድ ቀን ተይዞ ልብሱ ሲገለጥ ዳቦው ወደ እንጨት ተለውጦ ተገኘ። የተአምሩ ወሬ ሲዛመት ዝናውን ሸሽቶ ወደ ደቡብ መጣና በዛሬዋ ሳንት ኤሚልዮን ምንጭ ባለበት ዋሻ ውስጥ መኖር ጀመረ። በ767 እንዳረፈ ይነገራል። ተከታዮቹ በዙሪያው ሰፈሩ፤ ሰፈሩም ቀስ በቀስ ከተማ ሆነ።

የዋሻው ምንጭ እስካሁን ይፈስሳል። በዋሻው ውስጥ ከዐለቱ የተጠረበ መቀመጫ አለ። ልጅ መውለድ የሚሹ ሴቶች በላዩ ተቀምጠው ቢጸልዩ ስእለታቸው ይሰምራል የሚል እምነት በአካባቢው ቆይቷል።

የእንግሊዝ ነገሥታትና ዡራድ

በ1152 የአኪቴን መስፍን ወራሽ የሆነችው ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጀኔትን አገባች። ሄንሪ በ1154 የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሆን አኪቴንም ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ዋለች። የቦርዶ አካባቢ ወይን ጠጅ በእንግሊዝ ሰፊ ገበያ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የኤሌኖርና የሄንሪ ልጅ ንጉሥ ጆን በ1199 ለሳንት ኤሚልዮን ራሷን የምታስተዳድርበትን መብት በደብዳቤ ሰጠ። ሥልጣኑን የተረከበው «ዡራድ» የተባለው የከተማው ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ሸንጎው ይዳኛል፣ ግብር ይሰበስባል፣ የወይን ጠጅንም ጥራት ይቆጣጠራል። በርሜሎች የከተማዋ ማኅተም በጋለ ብረት የሚታተምባቸው ሲፈቀድ ብቻ ነበር፤ ጥራት የጎደለው ወይን ጠጅ እንዲወገድ ይደረጋል። በ1289 ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ የሸንጎውን ግዛት ወሰን በስምንት አጥቢያዎች ደነገገ። ዩኔስኮ ከ700 ዓመታት በኋላ የመዘገበው ቅርስም የእነዚሁ ስምንት አጥቢያዎች ምድር ነው።

የእንግሊዝ አገዛዝ ያበቃው ሐምሌ 17 ቀን 1453 ከሳንት ኤሚልዮን በስተ ምሥራቅ፣ በቅርብ ርቀት በተደረገው የካስቲዮን ጦርነት ነው። ዡራድ ግን እስከ ፈረንሳይ አብዮት ቆየ። በአብዮቱ ከፈረሰ በኋላ በ1948 የወይን ጠጁን ስም የሚያስጠብቅ ማኅበር ሆኖ እንደገና ተቋቋመ። አባላቱ ዛሬም በበዓል ቀን ቀይ ካባ ለብሰው በከተማዋ ይዘዋወራሉ።

በአብዮቱ ዘመን

የከተማዋ ዋሻዎች በአብዮቱ ዘመን መሸሸጊያ ሆነዋል። የሳንት ኤሚልዮን ተወላጅ የሆነው ኤሊ ጓዴ ከዢሮንዳውያን ፖለቲካ ቡድን ዋና ተናጋሪዎች አንዱ ነበር። በ1793 ቡድኑ ከሥልጣን ሲባረርና ሲታደን ጓዴና ጥቂት ጓደኞቹ ወደ ትውልድ ከተማው ሸሹ። በአንዲት ዘመዱ ቤት፣ በውኃ ጉድጓድ በኩል በሚገባበት የመሬት ውስጥ ዋሻ ተሸሸጉ። ጓዴ በ1794 ተይዞ በቦርዶ አንገቱ ተቀላ። የሸሸጓቸውም ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው።

ፍልፍሉ ቤተ ክርስቲያን

ቤተ ክርስቲያኑ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለው ጊዜ ተፈለፈለ። ርዝመቱ 38 ሜትር፣ ከፍታው 12 ሜትር ነው። ጣሪያውን የሚሸከሙት ወፋፍራም አራት ማዕዘን ዓምዶች ከውጭ መጥተው አልተተከሉም፤ ፈልፋዮቹ ዐለቱን ሲያወጡ የተዉአቸው ናቸው። ከውጭ የሚታዩት በአደባባዩ በኩል ያሉት መስኮቶችና በር፣ እንዲሁም ከዐለቱ አናት ላይ የቆመው የደወል ግንብ ብቻ ናቸው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ላሊበላን ማስታወሱ አይቀርም። ሁለቱ በዘመን ብዙም አይራራቁም፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ዙሪያው ተቆፍሮ ራሱን ችሎ እንደ ሕንፃ የቆመ ነው። የሳንት ኤሚልዮኑ ግን ከጎን ወደ ኮረብታው ሆድ የተቆፈረ በመሆኑ የውጭ ግድግዳና ጣሪያ የለውም። ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው።

የደወሉ ግንብ የተሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ከተፈለፈለ በኋላ፣ በባዶው ዋሻ አናት ላይ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በሙሉ ያረፈው ከታች ባሉት የዐለት ዓምዶች ላይ ነው። ለስላሳው የኖራ ድንጋይ ውኃ ስለሚመጥ ዓምዶቹ ከዘመን ብዛት ተዳክመው ተገኙ። አንዳንዶቹ አሁን በብረት ታቅፈው ይታያሉ። ብረቱ ውበቱን ቢቀንስም ኮረብታውን ባዶ ማድረግ ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ለጎብኚው በግልጽ ያሳያል።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የመናኙ ዋሻ፣ በላዩ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የሥላሴ ጸሎት ቤት ከነግድግዳ ሥዕሎቹ፣ እንዲሁም የመቃብር ዋሻዎች ይገኛሉ። እነዚህ አራቱ በአንድ ጉብኝት ይታያሉ።

ወይኑ

አፈርና ዝርያ

በቦርዶ አካባቢ በወንዞቹ ግራ ዳር፣ በተለይ በሜዶክ፣ አፈሩ ጠጠር ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው ወይን ይስማማዋል። በሳንት ኤሚልዮን ግን አብዛኛው አፈር ኖራና ሸክላ የተቀላቀለበት በመሆኑ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። በዚህ አፈር ላይ ካበርኔ ሶቪኞን ሳይበስል የመቅረት አደጋ ያጋጥመዋል። ስለሆነም ቀድሞ የሚበስለው ሜርሎ ዋናው ተክል ሆነ። ሁለተኛው በአካባቢው «ቡሼ» የሚባለው ካበርኔ ፍራን ነው። ሜርሎ ለወይን ጠጁ ልስላሴና የበሰለ ፍሬ ጣዕም ሲሰጥ፣ ካበርኔ ፍራን ሽታና ትኩስነት ይጨምርለታል።

የኖራው ድንጋይ ጥቅም በውኃ አያያዙ ነው። ዝናብ ሲበዛ ያሳልፋል፤ ድርቅ ሲሆን ደግሞ እንደ ስፖንጅ የያዘውን እርጥበት ጥቂት በጥቂት ለሥሩ ይለቃል። በዚያው ድንጋይ ውስጥ የተቆፈሩት ማከማቻዎች ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆኑ ወይን ጠጁ በበርሜልና በጠርሙስ ቀስ ብሎ እንዲበስል ያደርጋሉ።

ከአምባው ውጭ ያለው መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። በስተ ምዕራብ ወደ ፖምሮል ወሰን ጠጠር ያለበት ቦታ አለ፤ ሽቫል ብላንና ፊዣክ የተባሉት እርሻዎች በዚያ ናቸው። ወደ ዶርዶኝ ወንዝ የሚወርደው ሜዳ ደግሞ አሸዋማ ሲሆን ቀለል ያለና ቶሎ የሚጠጣ ወይን ጠጅ ያወጣል።

የዓመቱ ሥራ

በቅዝቃዜው ወራት ወይኑ ይገረዛል። የተገረዘው ጭራሮ ታስሮ ይቀመጥና ሥጋ ለመጥበስ ይነድዳል፤ በዚህ እሳት የተጠበሰ የበሬ ሥጋ የአካባቢው ታዋቂ ምግብ ነው። እምቡጡ በመጋቢትና በሚያዝያ ይፈነዳል። ይህ ጊዜ ገበሬው እጅግ የሚሠጋበት ነው፤ አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ የዓመቱን ምርት ሊያጠፋ ይችላል። የካቲት 1956 የመታው ቅዝቃዜ የወይኑን ግንድ ሳይቀር ገድሏል። በሚያዝያ 2017 እና በሚያዝያ 2021 የወረደው ውርጭም ከባድ ጉዳት አድርሷል። ወይኑ በሰኔ ያብባል፤ ለቀማው ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይካሄዳል። (ወሮቹ ሁሉ የአውሮፓ ናቸው።)

ደረጃዎች

የቦርዶን ወይን ጠጆች የመደበው የ1855ቱ ዝነኛ ዝርዝር ሳንት ኤሚልዮንን አላካተተም። የአካባቢው የራሱ ዝርዝር የወጣው በ1955 ነው። ከ1855ቱ የሚለይበት ዋና ነገር በየአሥር ዓመቱ ገደማ እንደ አዲስ መመርመሩ ነው። አንድ እርሻ ከፍ ሊል ወይም ሊወርድ ስለሚችል ክርክሩ ብዙ ነው። የ2006ቱ ዝርዝር በፍርድ ቤት ተሽሯል። በ2022 በወጣው ዝርዝር 85 እርሻዎች የተካተቱ ሲሆን፣ ከነዚህ 14ቱ «ፕሪሚዬ ግራን ክሩ ክላሴ» የተባለውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኙ። በማዕረጉ ቁንጮ የተቀመጡት ፓቪና ፊዣክ ናቸው። ቀድሞ ቁንጮ የነበሩት ኦዞን፣ ሽቫል ብላንና አንዤሉስ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት በገዛ ፈቃዳቸው ወጥተዋል።

ገዢን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው «ሳንት ኤሚልዮን ግራን ክሩ» የሚለው የጠርሙስ ጽሑፍ ነው። ይህ የምርት ደንብ ስም እንጂ የደረጃ ማዕረግ አይደለም። ከተራው «ሳንት ኤሚልዮን» የሚለየው ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርት አነስ እንዲልና ወይን ጠጁ ለረዥም ጊዜ እንዲቆይ ስለሚጠየቅ ነው። በዝርዝሩ የተካተተ እርሻ የሚታወቀው «ክላሴ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ነው። የዋጋ ልዩነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ይህችን አንዲት ቃል ማስተዋል ይጠቅማል።

ጉብኝት ማቀድ

ወቅት

ከተማዋ ትንሽ፣ እንግዳዋ ግን ብዙ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀትር ላይ ቁልቁለቶቹ በሰው ይጨናነቃሉ። ግንቦትና ሰኔ የተሻሉ ናቸው፤ ወይኑ ለምልሟል፣ ሙቀቱም አይከብድም። መስከረም የለቀማ ወር በመሆኑ ለማየት የሚያስደስት ቢሆንም ባለ እርሻዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው ትንንሾቹ እንግዳ ላይቀበሉ ይችላሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ጸጥታ አለ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች የሚዘጉበት ጊዜ ነው።

ሁለት የዡራድ በዓላት አሉ። አንደኛው በሰኔ የሚከበረው የጸደይ በዓል ነው። ሁለተኛው በመስከረም ሦስተኛ እሑድ ሲሆን፣ የዡራድ አባላት «የንጉሡ ግንብ» ላይ ወጥተው የለቀማውን መጀመር ያውጃሉ። በእነዚህ ቀናት ለማደር የሚፈልግ ሰው ማረፊያ ከወራት በፊት መያዝ አለበት።

መጓጓዣ

ከፓሪስ ወደ ቦርዶ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከቦርዶ ሳን ዣን ጣቢያ ወደ ሳንት ኤሚልዮን የሚሄደው የአካባቢ ባቡር ከ40 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የሳንት ኤሚልዮን ጣቢያ ከከተማዋ ውጭ በወይን እርሻዎች መካከል ነው፤ ወደ ላይ 20 ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል። ባቡሮቹ በየሰዓቱ ላይኖሩ ስለሚችሉ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመኪና የሚመጣ ሰው ከቅጥሩ ውጭ አቁሞ በእግር መግባቱ ይቀላል።

በፈረንሳይ ሕግ አሽከርካሪ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል እንዲኖረው አይፈቀድም፤ ለአዲስ አሽከርካሪ ወሰኑ 0.2 ግራም ነው። ስለዚህ ቅምሻ ያሰበ ሰው በባቡር፣ በታክሲ ወይም በተደራጀ ጉዞ ቢመጣ ይሻላል።

ቀጠሮ

ፍልፍሉ ቤተ ክርስቲያን፣ የመናኙ ዋሻ፣ የሥላሴ ጸሎት ቤትና የመቃብር ዋሻዎቹ የሚጎበኙት የቱሪዝም ቢሮው በሚያዘጋጀው የአስጎብኚ ጉብኝት ብቻ ነው። ጉብኝቱ በተለያዩ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ የየቋንቋው ሰዓት ግን የተወሰነ ነው። በሚገባ የታቀደ ቀን የሚጀምረው ይህን ሰዓት በመያዝ ሲሆን የቀረው ፕሮግራም በዙሪያው ይዘጋጃል።

የወይን እርሻዎችም በአብዛኛው በቀጠሮ ይሠራሉ። ታላላቆቹ ለሕዝብ ላይከፈቱ ይችላሉ፤ መካከለኞቹና የቤተሰብ እርሻዎቹ ግን ቀድሞ ለጻፈላቸው ሰው ማሳውን፣ መጥመቂያውንና ማከማቻውን ያሳያሉ። በአንድ ቀን ከሁለት እርሻ በላይ መያዝ አይመከርም፤ ከሦስተኛው በኋላ ምላስ መለየት ያቅተዋል። ከሁለቱ አንዱ የመሬት ውስጥ ማከማቻ ያለው በአምባው ላይ የሚገኝ እርሻ፣ ሌላው በጠጠሩ ወይም በአሸዋማው ሜዳ ላይ ያለ ቢሆን የአፈሩ ልዩነት በጣዕም ይታወቃል።

የአንድ ቀን ምሳሌ

ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከጣቢያው በእርሻዎቹ መካከል ወደ ከተማዋ መውጣት ጥሩ አጀማመር ነው። ቀጥሎ 118 ደረጃዎች ያሉት የንጉሡ ግንብ ወይም 196 ደረጃዎች ያሉት የደወል ግንብ ይወጣል። ሁለቱንም መውጣት አስፈላጊ አይደለም፤ የደወሉ ግንብ የአገሩን ገጽ በስፋት ያሳያል፣ የንጉሡ ግንብ ደግሞ የደወሉን ግንብ ራሱን። ከዚያ የመሬት ውስጡ ጉብኝት ይከተላል። የደወሉን ግንብ ቀድሞ ወጥቶ ክብደቱን ያስተዋለ ሰው ከታች ሆኖ በብረት የታቀፉትን ዓምዶች ሲያይ ነገሩ ይበልጥ ይገባዋል።

ከምሳ በኋላ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ግንባታ ያለው የካህናት ማኅበር ቤተ ክርስቲያንና ግቢው፣ እንዲሁም የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ገዳም የነበረው የኮርድሊዬ ፍርስራሽ ይታያሉ። በኮርድሊዬ ሥር ባሉት ዋሻዎች ከ1892 ጀምሮ የሚፈላ ነጭና ሮዜ ወይን ጠጅ ይዘጋጃል። ከሰዓት በኋላ ለእርሻ ቀጠሮ ይመቻል። ለመንገድ ስንቅ የከተማዋ ማካሮን ይገዛል። ይህ ብስኩት ከአልመንድ፣ ከእንቁላል ነጩና ከስኳር የሚሠራ ሲሆን፣ አሠራሩን በ1620 የጀመሩት የኡርሱሊን መነኮሳይያት እንደሆኑ ይነገራል። ቀለም የተቀባውና በመካከሉ ክሬም ያለበት የፓሪሱ ማካሮን ሌላ ዓይነት ነው።

መንገዱ ዳገትና ሸካራ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ የማይንሸራተት ጫማ ያስፈልጋል። ዋሻዎቹ በሞቃት ቀንም ይቀዘቅዛሉ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰውና ደረጃ ለሚከብደው የላይኛው ሰፈር ይቀላል፤ ቁልቁለቶቹን ግን ማስወገድ ይኖርበታል።

ቅምሻ

በቅምሻ ጊዜ ብርጭቆው የሚቀዳው እስከ ሲሶው ነው። መጀመሪያ ቀለሙ በነጭ ነገር ላይ ተይዞ ይታያል፤ ወጣት ወይን ጠጅ ወደ ሐምራዊ፣ የቆየው ወደ ጡብ ቀለም ያደላል። ቀጥሎ ብርጭቆው ተሽከርክሮ ይሸተታል። በመጨረሻ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ይመላለሳል። ድድን የሚያደርቀውና ምላስን የሚይዘው ስሜት የሚመጣው ከፍሬው ቆዳና ዘር ከሚወጣው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ሻይ ሲጠነክር የሚሰማውም ይኸው ነው። ለዚሁ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ መትፋት እንደ ነውር አይቆጠርም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ። አልኮል የማይጠጣ ጎብኚም ማሳውንና ማከማቻውን ማየት ይችላል፤ አንዳንድ እርሻዎች የወይን ጭማቂ ያቀርባሉ። በፈረንሳይ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለ ግንኙነት

የቦርዶ አካባቢ የወይን ሙያ ከኢትዮጵያ ጋር በካስቴል ኩባንያ በኩል ይገናኛል። በ1949 በቦርዶ የተመሠረተው ይህ የቤተሰብ ኩባንያ በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዛ። ቆይቶም በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ (ባቱ) የወይን እርሻና መጥመቂያ አቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት በ2014 ነው። በዝዋይ ከተተከሉት ዝርያዎች አንዱ የሳንት ኤሚልዮን ዋና ተክል የሆነው ሜርሎ ነው። አፈሩ ግን አሸዋማ፣ አገሩም ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ ወይኑ እንደ ፈረንሳይ የቅዝቃዜ ወራት ዕረፍት የለውም። ገበሬው በግርዛትና በመስኖ ጊዜውን ይወስንለታል።

ጥበቃ

ሳንት ኤሚልዮን በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የወይን እርሻ ምድሮች የመጀመሪያዋ ናት። የተመዘገበው 7,847 ሄክታር መሬት ሲሆን ስምንቱን መንደሮች፣ እርሻዎቹን፣ ቤተ ክርስቲያኖቹንና ግንቦቹን ይይዛል። የተከበረው እስከ ዛሬ ሰው የሚሠራበትና የሚኖርበት የባህል ምድር በመሆኑ ነው።

አደጋው ከሁለት በኩል ይመጣል። ከታች፣ የድንጋይ ማውጫዎቹ ባዶ ስለሆኑ መሬቱ እንዳይደረመስ ያለማቋረጥ ክትትል ይፈልጋል፤ ውኃ ወደ ለስላሳው ዐለት እንዳይሰርግ መጠበቅም የሁልጊዜ ሥራ ነው። ከላይ ደግሞ ቤቶቹ ወደ ሱቅነትና ወደ እንግዳ ማረፊያነት ስለተለወጡ በቅጥሩ ውስጥ የሚኖረው ሰው በጣም ቀንሷል። በቀን በእንግዳ የተሞሉት መንገዶች ማታ ጭር ይላሉ። አንድ ሌሊት የሚያድር ጎብኚ ከተማዋን በዚህ ሰዓት ያያታል፤ ሱቆቹ ተዘግተው፣ የደወሉ ግንብ በርቶ፣ የቀሩት ጥቂት ነዋሪዎችም ወደ ቤታቸው ሲገቡ።